የዜሮ ቀን ጭነት

ዘጠና ስድስት ነው የክሬኔ መሰላል፤
ድሮ በአንድ ትንፋሽ ከላይ ያደርሰኛል።
ከላይ ባሕር አለ፣ የክላይፔዳ ወደብ፣
ኮንቴይነር በኮንቴይነር፣ መርከብ በመርከብ።
በየካቲት ግን አርባኛው ላይ ቆምሁ፣
ብረቱን አቅፌ እንደ ውሻ አለከለክሁ።
«ሲጋራሽን ተዪው» አለኝ ፎርማን ዮዛስ።
አጭሼ አላውቅም።
ሳቅሁና ወጣሁ፣ ሌላ ሃምሳ ስድስት።

ቅልጥሜ ላይ በለዘ፣ ቀጥሎም ጭኔ ላይ፤
የመሰላሉ ነው አልሁ፤ ማን ሊያይ?
ጥቁሩን ዳቦ ስገምጥ አንድ ጠዋት፣
የጥርሴ ፈለግ ላይ ደም ነበረበት።

ሐኪሟ ቢሩቴ ብዕሯን ከደነች፤
በጣም ቀስ ብላ ከደነች።
ያን ጊዜ ገባኝ።
«የደም ካንሰር» አለች፤ «ሉኪሚያ» አለች ደግማ፣
ሁለተኛው ስም ይለዝብ ይመስል ሲሰማ።
ነጩ ሕዋስ በዝቶ፣ ሳይበስል ተዋልዶ፣
መቅኒዬን ሞልቶታል ሌላውን አሳድዶ።
ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የጠየቅሁት ይህን ብቻ፦
«ሰኞ የሌሊት ተራ አለኝ፤ ማን ይተካኛል?»

ቪልኒየስ። ከባሕር ሦስት መቶ ኪሎሜትር።
መስኮቱ አይከፈትም።
ነርሷ ዳኑቴ ቀይ መድኃኒት ሰቀለች፤
«ቀይ ሥር ነው?» ብላት «የበጋ ሾርባሽ ነው» አለች።
ሳቅን።
ማታ ሽንቴ ቀላ፤ ሳቁም አለቀ።
ጸጉሬ ትራሱ ላይ፣ ከዚያ መታጠቢያው ላይ፤
ምላሴ ቆስሎ ውሃ እንኳ እሾህ ሆነ።
ስሜ ስሚልቴ ነው፤ በቋንቋችን አሸዋ።
ያን ሰሞን ስሜን መሰልሁ፣
አንሶላ ሲቀይሩልኝ የምበተን።

«መቅኒ ያስፈልግሻል። ወንድም ወይ እኅት አለሽ?»
አለኝ።
የለኝም።
አራት ዓመት ሆነን።
አባታችን እንደ ሞተ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣
ጀልባዋን ሸጣት፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሳላውቅ።
አባታችን ሲናደድ «መቅኖ ቢስ!» ይለው ነበር፤
እኔም ይህንኑ ብዬ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

ደወልሁ። ነገርሁት። ዝም አለ። መኪና ሲያልፍ ሰማሁ።
የጀልባዋን ነገር ያነሣል ብዬ ጠበቅሁ።
«ከየትኛው ክንድ ነው የሚቀዱት?» አለ።

አውድሪየስ መጣ በሥራ ጫማው፣ ቅንድቡ ላይ የመጋዝ ብናኝ፤
ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ የሚያደርገው አጥቶ እጁን ሰጠኝ፣
መስታወቱ ላይ።
አራት ሰዓት ተኛ። ደሙ በማሽን ዞሮ ወደ እሱ ተመለሰ፤
ዘሩ ብቻ ከረጢት ውስጥ ቀረ።

«ዜሮ ቀን» ይሉታል፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል።
እኔ አርባ ቶን አንሥቼ ያስቀመጥሁ ሴት፣
ከብራዚል የመጣ ስኳር፣ ወደ ጀርመን የሚሄድ ብረት፣
አንገቴን አቅንቼ አየሁ፦
ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣
መንጠቆው ላይ አንድ ኩባያ የማትሞላ ከረጢት።
«ቀስ በይ» አልኋት ዳኑቴን፣ «ነፋስ አለ።»
ነፋስ አልነበረም።
ገባት መሰለኝ፣ ቀስ አለች።
ጠብ። ጠብ።
እንደዚያ የከበደ ጭነት አውርጄ አላውቅም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቁጥሬ ተነሣ።
ደሜ ኤ ነበር፣ አሁን ወደ ኦ እየሄደ ነው፤
ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ካርድ ውሸታም ሆነ።
ደመኛዬ ነበር፣ አሁን ደሜ ነው፤
መቅኖ ቢስ ያልሁት ሰው መቅኒዬ ነው።
ይቅርታ ግን አላልሁትም።
«ስንት ሸጥካት?» እለዋለሁ ማታ ማታ።
«ቀዳዳ ነበረች፣ ውሃ ትጠጣ ነበር።»
«ውሸትህን ነው!»
ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል እንጣላለን።

መቶኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ መርፌው ዳሌዬ ላይ።
እስከዚያ ማንም ምንም አይለኝም፤ እኔም አልጠይቅም።
ለሁለት ቀን ፈቅደውልኝ ትናንት ወደብ ሄድሁ፣
አፌን ሸፍኜ፤
ዮዛስ ጀርባውን ሲሰጥ መሰላሉን ያዝሁ።
አሥራ አንድ ወጣሁ።
ከአሥራ አንደኛው ባሕር አይታይም፣ አጥሩ ነው የሚታየው።
ወረድሁ።
እጄን አሸተትሁት፤ ብረት ብረት ይላል።